ንግግሩ አንድ፣ ሰሚው ብዙ፦ ከዐድዋው አዋጅ እስከ ረሃቡ ፊልም

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል ያገሬ ሰው። በበልሃ ልበልሃ ሙግት ያደገ ማኅበረሰብ ስለሆነ፣ እውነት ይዞ ችሎት መቆም ብቻውን ለመርታት እንደማይበቃ ቀድሞ ገብቶታል። ነገሩን ማን አቀረበው? ለማን? በየትኛው ሰዓት? እነዚህ ካልታወቁ ፍርዱ አይታወቅም።

በየቀኑ በስልካችን ንግግር፣ ዜና፣ ፎቶና ቪዲዮ ይዘንብብናል። አብዛኞቻችን የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን አይበቃም። በታሪካችን ከባድ መዘዝ ያስከተሉ መልእክቶች ሁሉ ውሸት አልነበሩም። ፍጹም እውነተኛ ምስል ይዘው ሰውን ለማያውቀው ነገር ያዘጋጁ አሉ። በአንጻሩ ደግሞ እውነትም፣ ሕግም፣ ክብርም ይዞ የቀረበ ንግግር ሰሚ አጥቶ ወድቋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ከራሳችን ታሪክ አራት ምሳሌ ላንሳ፦ የ1888ቱን የክተት አዋጅ፣ የ1928ቱን የጄኔቭ ንግግር፣ በ1967 መባቻና በ1977 የታዩትን ሁለት የረሃብ ፊልሞች።

መጀመሪያ መለኪያውን እንያዝ

ከ2,300 ዓመት በፊት ግሪካዊው ፈላስፋ አርስቶትል ሰው የሚያምነው በሦስት መንገድ ነው ብሎ ነበር። አንደኛው የተናጋሪው ተዓማኒነት ነው፤ ኤቶስ ይለዋል። ሁለተኛው የሰሚው ስሜት ነው፤ ፓቶስ። ሦስተኛው የነገሩ አመክንዮና ማስረጃ ነው፤ ሎጎስ። በእኛ አነጋገር «ማን አለው? ምን ተሰማኝ? አስረጂው ምንድን ነው?» ብንላቸው ያስኬዳል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ አሜሪካዊው ምሁር ሎይድ ቢትዘር አንድ ነገር ጨመረ። ንግግር ከባዶ አይነሳም፤ የሚወልደው ሁኔታ አለ አለ። ሁኔታውም ሦስት ነገሮች አሉት፦ መፍትሔ የሚሻ አጣዳፊ ችግር፣ ሰሚ፣ እና ተናጋሪውን የሚያስሩ ገደቦች። ቢትዘር ስለ ሰሚ የሰጠው ትርጉም ግን ከለመድነው ይለያል። ድምፁ ጆሮው የደረሰ ሁሉ ሰሚ አይደለም። ሰሚ የሚባለው ሰምቶ አንድ ነገር ማድረግ የሚችለው ነው። ይህችን ሐሳብ ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው ታስፈልገናለች።

1. አንቀጽ 17ን ያልጠቀሰው አዋጅ

መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ የካቲት 23 በደረሰ ቁጥር ይነበባል፤ ብዙዎቻችን በቃላችን እንወጣዋለን። በቃል ስለያዝነው ይሆናል ምን ያህል የታሰበበት ንግግር እንደሆነ ሳናስተውል የምናልፈው።

የጠቡን መነሻ ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛውና በጣሊያንኛው የተለያየ ነበር። የአማርኛው ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለመነጋገር በጣሊያን በኩል ማለፍ ትችላለች ይላል፤ የጣሊያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። ምኒልክ ይህን ጉዳይ ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፏቸው ደብዳቤዎች ያነሳሉ፤ በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ውሉን ሙሉ በሙሉ አፈረሱት። እዚያ ቋንቋቸው የውልና የሉዓላዊነት ቋንቋ ነው።

በክተት አዋጁ ውስጥ ግን ስለ ውጫሌም ሆነ ስለ አንቀጽ 17 አንድ ቃል የለም። ለምን? ሰሚው ሌላ ስለሆነ ነው። አዋጁ በነጋሪት ተጎስሞ፣ በአዋጅ ነጋሪ አፍ የሚነገር ነው። የሚሰማው ገበሬው ነው፣ ወታደሩ ነው፣ ባላገሩ ነው። ለእሱ የትርጉም ልዩነት ጦር አያስመዝዝም።

ደግሞ ይህ ሰሚ ከክፉ ቀን የተረፈ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው መከራ የከብት በሽታ በሬዎቹን ጨርሷል፣ እርሻ ጾሙን አድሯል፣ ረሃቡና ወረርሽኙ ቤት ዘግቷል። ያን ሁሉ ያየን ሕዝብ «ስንቅህን ይዘህ ወደ ሰሜን ተከተለኝ» ማለት ቀላል አይደለም። የምኒልክ ገደብ ይህ ነበር፦ የደከመ ሕዝብ።

አዋጁ ገደቡን አልሸሸገውም። ጠላት የመጣው የከብቱን ማለቅና የሰውን መድከም አይቶ ነው ሲል በአደባባይ ተናገረው። ይህ ብልህ አካሄድ ነው። ሰሚው በልቡ «እኛ እኮ ደክመናል» ብሎ የሚያስበውን ቀድሞ ወሰደበትና ሰበቡን ወደ ቁጭት ለወጠው። ድካምህ ከጦር የሚያስቀርህ ምክንያት መሆኑ ቀርቶ፣ ጠላትህ የናቀህ ምክንያት ሆነ።

ተዓማኒነትንም እንይ። ንጉሡ በቀጥታ ትእዛዝ አልጀመሩም። እግዚአብሔር እስካሁን አገሪቱን እንደጠበቀ፣ ስለ ራሳቸው ሞት እንደማያዝኑ ከተናገሩ በኋላ፣ እኔም አልበደልኩህም አንተም አልበደልከኝም የሚል መልእክት አስከተሉ። ይህ የንጉሥና የሕዝብ ሒሳብ ማወራረድ ነው። ዕዳ የለብንም፤ ስለዚህ አሁን የምጠይቅህን በቅንነት ስማኝ ማለት ነው። ስሜቱ ደግሞ በሚስት፣ በልጅ፣ በሃይማኖት በኩል መጣ። «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ራሱ ሰፊ ነው፤ የሰማው ሁሉ የራሱን ይሰማበታል። ወደ ዐድዋ የዘመተውም ክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም።

ከሁሉ በላይ አዋጁ ለእያንዳንዱ ሰሚ ሥራ ሰጥቷል። ጉልበት ያለው በጉልበቱ ይርዳ፣ ጉልበት የሌለው በጸሎትና በሐዘን ይርዳ። የሚቀረው ላይ ደግሞ በማርያም ምለው ቁጣቸውን አሳወቁ፤ አማላጅ አልቀበልም አሉ። በመጨረሻም ቀኑና ቦታው ተቆረጠ፦ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ይገናኝ። ችግሩ ታወቀ፣ ሰሚው ታወቀ፣ የሚደረገው ታወቀ። ወደ 100,000 የሚገመት ሠራዊት ዐድዋ ላይ ቆመ።

አዋጁ ብቻውን ጦርነቱን አሸነፈ ማለቴ አይደለም። ለዓመታት የተከማቸው ጠመንጃ፣ የመኳንንቱ ስምምነት፣ የስንቁ ዝግጅት ባይኖር ቃሉ ነፋስ ይሆን ነበር። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ አዋጁ የተሳካለት የተነገረው ማድረግ ለሚችል ሰሚ ስለነበር ነው። ቀጥለን የምናየው ንግግር ይህ አልነበረውም።

2. ጄኔቭ፦ ጆሮ ያለው፣ እጅ የሌለው አዳራሽ

ከ40 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 30፣ 1936)፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። ከዚያ በፊት የነበረውን በአጭሩ፦ ፋሺስት ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበር አቋርጦ ገባ። ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈረደ፤ ኅዳር 8 ቀን ማዕቀብ ተጀመረ። ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት እንደሆነ ቀረ። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ጦራችን ተመታ። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀው ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ከተማዋ ተያዘች።

እንግዲህ የንጉሡን ገደብ ቁጠሩት። አንደኛ፣ አገራቸው ተይዛለች፤ ስለዚህ «የየት አገር ንጉሥ ነህ?» ሊባሉ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ አገር ውስጥ ያለው አርበኛ «ንጉሥ እንዴት ጥሎ ይሄዳል?» ይላል፤ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያትን የመሰሉ ሰዎች መሰደዱን በግልጽ ተቃውመው ነበር። ሦስተኛ፣ አዳራሹ የዲፕሎማቶች ነው፤ ለቅሶን የማይወድ፣ አንቀጽ የሚጠይቅ።

ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ በጋለሪው የተቀመጡ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አናወጡት። የሩማንያው ልዑክ ኒኮላይ ቲቱሌስኩ ተነስቶ እነዚህን አረመኔዎች አስወጡልን ብሎ ጮኸ፤ ጋዜጠኞቹም ተባረሩ። ንጉሡ በዝምታ ቆመው ጠበቁ። ሙሶሊኒ ለዓለም የሚነግረው «ኢትዮጵያ ያልሠለጠነች ናት፤ ሥልጣኔ ይዤ እየሄድኩ ነው» የሚል ነበር። በዚያች ደቂቃ ማን የሠለጠነ፣ ማን ያልሠለጠነ እንደሆነ ያለ አንዲት ቃል ታየ። ተዓማኒነት አንዳንዴ ጠላት በነጻ የሚሰጥህ ነገር ነው፤ ጸጥ ብለህ መቀበል ካወቅህበት።

ቀጥሎ በአማርኛ ተናገሩ። ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ፈረንሳይኛም የማኅበሩ የሥራ ቋንቋ ነው። በቀጥታ ሊገባቸው በሚችል ቋንቋ መናገር ይቀል ነበር። እኔ ይህን ምርጫ የማነበው እንዲህ ነው፦ አገሩ የተያዘበት ንጉሥ በአገሩ ቋንቋ ሲናገርና ዓለም ትርጉም ሲጠብቅ፣ «ኢትዮጵያ አልጠፋችም» የሚለው መልእክት ከማንኛውም አንቀጽ በፊት ይደርሳል።

የንግግሩ አካል ደግሞ በጥንቃቄ የተደረደረ ነው። የአገር መሪ ራሱ በዚህ ጉባኤ ቆሞ ሲናገር የመጀመሪያው መሆኑን በማስታወስ ጀመሩ። ከዚያ የመርዝ ጭሱን ዘረዘሩ። «ግፍ ተፈጸመብን» ብለው አላለፉም። አውሮፕላኖቹ ላይ የሚረጭ መሣሪያ መገጠሙን፣ ዘጠኝም አሥራ አምስትም አሥራ ስምንትም እየሆኑ ተከታትለው መብረራቸውን፣ የሚረጩት ጉም ያልተቋረጠ መጋረጃ መሆኑን፣ ወታደሩ ብቻ ሳይሆን ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ፣ ወንዙና ግጦሹ መመረዙን በዝርዝር ተናገሩ። እዚህ ስሜትና ማስረጃ አንድ ሆነዋል። ሰሚው የሚደነግጠው በቅጽል ሳይሆን በዝርዝሩ ነው። ጣሊያን ደግሞ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ፕሮቶኮል ፈርማለች።

ከዚያ ጉዳዩን ከኢትዮጵያ አውጥተው የሰሚው አደረጉት። ጥያቄው የጣሊያን ወረራ ብቻ አይደለም፤ ቃል ኪዳኑ ዋጋ አለው ወይ የሚል ነው፤ ትናንሽ አገሮች በፊርማ ሊተማመኑ ይችላሉ ወይ የሚል ነው አሉ። ለመርዳት ቃል የገቡትን 52 መንግሥታት ምን ልታደርጉ ፈቃደኛ ናችሁ ብለው ጠየቁ። ንግግራቸውንም የዘጉት ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ በሚል ጥያቄ ነው።

ተዓማኒነት አለ፣ ስሜት አለ፣ አመክንዮ አለ። በአርስቶትል መለኪያ ከተመዘነ ሞልቶ የፈሰሰ ነው። ውጤቱስ? በቀናት ውስጥ ጉባኤው ማዕቀቡን ለማንሳት ወሰነ። ኢትዮጵያ የጠየቀችውም ብድር ተከለከለ።

ለምን? መልሱን ንግግሩ ውስጥ አታገኙትም። የብሪታንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን መንግሥታቸው ማዕቀቡ እንዲነሳ እንደሚፈልግ ለፓርላማ ያሳወቁት ሰኔ 11 ቀን ነው፤ ንጉሡ ከመናገራቸው 12 ቀን በፊት። ኔቪል ቼምበርሌይን ከዚያም ቀደም ብሎ ማዕቀቡን መቀጠል እብደት ነው ብሎ ነበር። ሂትለር በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ ጦሩን ራይንላንድ አስገብቷል፤ ለንደንና ፓሪስ ሙሶሊኒን ወደ ሂትለር እንዳይገፉት ይሰጋሉ። በአዳራሹ የተቀመጡት ልዑካን ውሳኔያቸውን ከየዋና ከተማቸው ይዘው የመጡ ናቸው። ጆሮ ነበራቸው፤ እጅ ግን አልነበራቸውም። በቢትዘር ትርጉም ሰሚ አልነበሩም።

እና ንግግሩ ከንቱ ነበር? አልነበረም። እውነተኛ ሰሚዎቹ ከአዳራሹ ውጭ ነበሩ። የዜና ፊልም ካሜራዎች ነበሩ፤ ጋዜጦች ነበሩ። በቅኝ ግዛት ሥር ያለው አፍሪካዊ፣ በአሜሪካና በካሪቢያን ያለው ጥቁር ሕዝብ ሰማ። በ1937 እ.ኤ.አ. በዶክተር መላኩ በያን አማካይነት ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሲቋቋም የሚያደራጀው ሰው አላጣም። ሜክሲኮን የመሰሉ ጥቂት መንግሥታት የጣሊያንን ወረራ አንቀበልም አሉ፤ አዲስ አበባ ላይ «ሜክሲኮ አደባባይ» ስንል ሳናውቀው የምናስታውሰው ያንን ውለታ ነው። አገር ቤት ደግሞ አርበኛው በየጫካው አምስት ዓመት ተዋጋ።

ስለዚህ «የጄኔቭ ንግግር ትንቢት ነበር» ብሎ ማድነቅ ብቻ ከንግግሩ የምናገኘውን ትምህርት ያሳንሰዋል። ትምህርቱ መራራ ነው፦ እውነትን አሳምሮ መናገር ፍትሕን አያመጣም፤ የሰማው ሰው አስቀድሞ ከወሰነ ቃል ግድግዳ ነው የሚመታው። ሌላኛው ትምህርት ደግሞ፦ ንግግር ከፊቱ ለተቀመጠው ብቻ አይነገርም።

3. የአዲስ ዓመት ምሽት ፊልም

አሁን ከንግግር ወደ ምስል እንለፍ። እዚህ ነገሩ ይከብዳል።

በወሎ የነበረው ረሃብ በ1965 ዓ.ም. ሲበረታ መንግሥት ነገሩን ሸፈነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ ይዘው ለማጋለጥ ሞከሩ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ትርጉም ያለው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን አሳየ። የፊልሙ ሰሚ እንግሊዛዊው ተመልካች ነው። ችግሩ የሰዎች መራብ ነው። እንዲደረግ የተፈለገውም እርዳታ ነው፤ ተመልካቹም ገንዘቡን አወጣ። እስከዚህ ነገሩ ቀጥተኛ ነው።

ከ11 ወር በኋላ ያው ፊልም ሌላ ሥራ ተሰጠው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ ደርግ ፊልሙን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈ። እንዳለ ግን አይደለም። በረሃብ የሚረግፉት ሰዎች ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ፣ ከግብዣ፣ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ ከሚያሳይ ምስል ጋር እየተፈራረቀ ተቀናበረ። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን መኪና ተወሰዱ። ያቺ ትንሽ መኪናም ራሷ ንግግር ነበረች፤ በሮልስ ሮይስ ይታዩ የነበሩትን ንጉሥ አገሬው በምን እንዲያስታውሳቸው እንደተፈለገ ትናገራለች።

ልብ በሉ። ረሃቡ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። ውሾቹም ሥጋ በልተዋል። መንግሥቱም ረሃቡን ደብቋል፤ ይህ ጥፋት በምንም የሚስተባበል አይደለም። አንድም የሐሰት ምስል ሳይጨመር ግን አዲስ መልእክት ተወለደ። ሁለት ምስሎችን አጠገብ ለአጠገብ ስታስቀምጥ በመሃላቸው «ምክንያቱም» የሚል ያልተነገረ ቃል ትከታለህ። እነዚህ ይሞታሉ፤ ምክንያቱም እሱ ይበላል። ያ «ምክንያቱም» በማስረጃ ሊመረመር የሚገባው ነበር፦ የመሬት ሥሪቱ፣ የግብሩ፣ የአስተዳደሩ፣ የድርቁ፣ የመደበቁ ድርሻ ስንት ነው? ማን፣ መቼ፣ ምን አወቀ? ለዚህ ሥራ እኮ በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የሚመራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ የሎጎስ መንገድ ነው፤ ሰነድ ይጠይቃል፣ ምስክር ይሰማል፣ ጊዜ ይፈልጋል። ፊልሙ የፓቶስ መንገድ ነው፤ በአንድ ምሽት ይጨርሳል።

የትኛው እንደቀደመ ታውቃላችሁ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። የደርግ ራሱ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ምሽት ሞቱ። «ያለ ምንም ደም፣ ኢትዮጵያ ትቅደም» ከተባለ ገና ወራት ነበር ያለፉት።

ፊልሙ ገደላቸው አልልም። ግድያውን የወሰኑት ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ከሳሹ ምስል ሆኖ፣ ችሎቱ ቴሌቪዥን ሆኖ፣ ተመልካቹ በልቡ ፍርዱን ቀድሞ ከሰጠ በኋላ፣ «ፍርድ ቤቱስ የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቁጥር ይቀንሳል። የምስሉ ትልቁ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ሰውን እንዲገድል አያዝዘውም፤ ሲገደል ዝም እንዲል ያዘጋጀዋል።

4. ሥዕሉ ሲገለበጥ

ታሪክ ምጸት ይወዳል። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። ከተማው በቅስትና በመፈክር ተሸለመ፤ ኢሠፓ ተመሠረተ። በዚያው ጊዜ ወሎና ትግራይ ዳግመኛ በረሃብ ያልቁ ነበር። የ1967ቱን ፊልም ያቀናበረ ሰው ቢኖር የሚያስፈልገው ምስል ሁሉ ተዘጋጅቶለት ነበር፦ በአንድ በኩል ድግስ፣ በሌላ በኩል ሬሳ። ቴሌቪዥኑ ግን በዚህ ጊዜ የደርግ ነበር።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከኮረም የመጣው ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ካሜራው የኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ ድምፁ የማይክል በርክ ነበር። ዓለም ደነገጠ። ዘፋኞች ተሰባሰቡ፣ ዘፈን ወጣ፣ በቀጣዩ ክረምት ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ተካሄደ። የብዙ ወገኖቻችን ሕይወት ተርፏል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው።

የዘገባውን አገነባብ ግን እንይ። በርክ ያየውን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር አመሳሰለው። ይህ ለእንግሊዛዊው ሰሚ ልብ የሚነካ ነው። ነገር ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ረሃብ ሰማይ ሲዘጋ የሚመጣ ነው፤ ጄኔራል የለውም፣ ግንባር የለውም፣ የእህል መንገድ የሚዘጋ ወታደር የለውም። በሰሜን የሚካሄደው ጦርነትና የመንግሥቱ ድርሻ በዚያ ዘገባ ጎልቶ አልወጣም። በ1967 ምስሉ ጥፋተኛውን ሁሉ አንድ ሰው ላይ ሰበሰበ፤ በ1977 ምስሉ ጥፋተኛ የሌለው አደጋ አሳየ። ሁለቱም ያሳዩት እውነተኛ ረሃብ ነው። ሁለቱም ግን «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ለሰሚው እንዲመች አድርገው ቆረጡት። አንደኛው ሰሚ እንዲቆጣ፣ ሌላኛው ሰሚ እንዲያዝንና እንዲለግስ።

የመጨረሻውን ዋጋ የከፈለው ደግሞ በፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ስሙ አልተጠየቀም፤ በማን እንደሚያዝን፣ ምን እንደሚፈልግ አልተነገረም። ምስሉ ግን ቀረ። በአውሮፓና በአሜሪካ ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ «ኢትዮጵያ» ሲል ከፊቱ ያለው ሰው ዓይን ውስጥ የትኛው ሥዕል እንደሚመጣ ያውቀዋል። አንድ አገር በአንድ ዘገባ ለ40 ዓመት ሊሳል ይችላል።

ዛሬስ?

ዛሬ ነጋሪቱም፣ ጋለሪውም፣ የማቀናበሪያው ክፍልም በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ። በ1967 ሁለት ምስል አጠገብ ለአጠገብ ለማስቀመጥ መንግሥት መሆን ያስፈልግ ነበር፤ አሁን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ባለፉት የጦርነት ዓመታት ምን ያህል ቪዲዮ ሳንጨርስ እንዳጋራን፣ ምን ያህል ፎቶ የየት እንደሆነ ሳንጠይቅ እንዳለቀስንበት ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዱ እውነት ነበር። እውነት መሆኑ ግን ምን ሊያሠራን እንደመጣ አይነግረንም።

ስለዚህ አንድ ንግግር ወይም ዜና ሲደርሳችሁ ከ«እውነት ነው?» ቀጥሎ እነዚህን ጠይቁ፦

• ይህ መልእክት የተሠራው መጀመሪያ ለማን ነበር? እኔ ጋ የደረሰውስ እንዳለ ነው ወይስ ተቆርጦ?
• ሁለቱን ነገሮች ያገናኘው ያልተነገረው «ምክንያቱም» ምንድን ነው? ማስረጃ አለው ወይስ መቀራረባቸው ብቻ ነው?
• ለምን ዛሬ? ፊልሙ ለምን ከሹመት ወይም ከሽረት አንድ ቀን በፊት ወጣ?
• በምስሉ ውስጥ ያለው ሰው ይናገራል ወይስ ይታያል ብቻ?
• እኔ ምን እንዳደርግ ነው የተፈለገው? እንድዘምት? እንድከፍል? እንድጠላ? ወይስ ነገ የሚደረገውን አይቼ ዝም እንድል?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉ ትበልጣለች። ቢትዘር እንዳለው ሰሚ ማለት ማድረግ የሚችል ሰው ነው። መልእክቱ እናንተ ጋ የመጣው ማድረግ የምትችሉት ነገር ስላለ ነው። የጄኔቭ ልዑካን እጃቸው በመንግሥታቸው ታስሮ ነበር። የእንቁጣጣሽ ምሽት ተመልካች ከአንድ ጣቢያ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። እኛ ግን ወደ ሌላው ከማስተላለፋችን በፊት አንድ ሰዓት መቆየት እንችላለን። የሌላኛውን ወገን ቃል መፈለግ እንችላለን። ስሜታችንን ሳንክድ ፍርዳችንን ማዘግየት እንችላለን።

አባቶቻችን በአንድ ወገን ቃል አይፈርዱም ነበር፤ ከሳሽም ተከሳሽም ሳይሰማ ችሎት አይዘጋም። ያልተገላበጠ ያራልና።